ከቦሌ በፊት የሚጫን

ጥቅምት 20 ቀን 2010 ዓ.ም. ከሰዓት በኋላ ጓንዡ ባዩን አውሮፕላን ማረፊያ መውጫ በር አጠገብ ሻንጣዬን በጉልበቴ ደግፌ ቆሜ ነበር። ሌሊቱን ስበር አድሬያለሁ። የእጅ ሰዓቴ ገና በአዲስ አበባ አቆጣጠር ላይ ነው፤ ከጓንዡ አምስት ሰዓት ወደ ኋላ። የስልኬ ባትሪ ሙሉ ነበር። የሚያስፈልገኝ ሁሉ ውስጡ አለ ብዬ አምኜ ነው የመጣሁት፤ የሆቴሉ ማረጋገጫ በጂሜይል፣ ሆቴሉን ያስያዘልኝ ሰው በዋትስአፕ፣ መንገዱ በጉግል ካርታ።

አንዳቸውም አልከፈት አሉኝ።

መጀመሪያ ዋይፋዩን ጠረጠርኩ። የማረፊያው ዋይፋይ ስልክ ቁጥር ይጠይቅና ማረጋገጫ ኮድ በአጭር መልእክት ይልካል። የእኔ ሲም ሮሚንግ ስላልተከፈተለት ኮዱ የሚደርስበት መንገድ አልነበረም። እዚያው ካለ መሸጫ የቻይና ሲም ካርድ ገዛሁ። ኢንተርኔቱ ሲገባ እፎይ አልኩ፤ ፍጥነቱም አገር ቤት የማላውቀው ዓይነት ነበር። ጂሜይልን ነካሁት። ክቧ ትዞራለች፣ ትዞራለች፣ ትቆማለች። ዋትስአፕ እየተገናኘሁ ነው ይላል፣ አይገናኝም። ካርታው ባዶ ግራጫ ሆኖ ቀረ።

ምክንያቱን የተረዳሁት ቆይቶ ነው። ፌስቡክ በቻይና የተዘጋው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ጉግል የፍለጋ አገልግሎቱን ከዋናው ቻይና ያወጣው በ2010 ሲሆን፣ ጂሜይልም ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ አይከፈትም። ዋትስአፕ ግን ሙሉ በሙሉ የተዘጋው እኔ ከመድረሴ አንድ ወር ያህል ቀደም ብሎ ነበር። ከእኔ በፊት ሄደው የተመለሱ ሰዎች ሁሉ «ዋትስአፕ ይሠራል፣ አታስቢ» ብለውኛል። አልዋሹኝም። እነሱ ሲሄዱ ይሠራ ነበር።

ስልኬ ላይ አንድ ቪፒኤን ነበረች። በ2009 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ወራት ፌስቡክ ሲዘጋብን ብዙዎቻችን እንዲህ ያለውን አፕ ለምደን ነበርና፣ እሷን ተማምኜ ከፈትኳት። አልተገናኘችም። ሌላ ላውርድ ብዬ ወደ ፕሌይ ስቶር ሄድኩ። ፕሌይ ስቶር የጉግል ነው፤ እሱም አይከፈትም። አዲስ አበባ ሳለሁ ያላወረድኩትን አፕ ጓንዡ ላይ ላወርድ እንደማልችል የገባኝ እዚያ ቆሜ ነው። ሆዴ ባር ባር አለኝ።

ወደ ታክሲ ሰልፉ ሄድኩና የሆቴሉን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ወረቀት ላይ ጽፌ ለሹፌሩ አሳየሁት። ወረቀቱን ተቀብሎ አየው፣ አዙሮ አየው፣ መለሰልኝ። ሁለተኛውም እንዲሁ። ክፋት አልነበራቸውም። ሁለተኛው ሹፌር እንዲያውም ወርዶ ለጓደኛው አሳይቶልኛል። የላቲን ፊደል ማንበብ አይችሉም፣ አለቀ። በቻይንኛ ተጽፎ ለአንድ አማርኛ ተናጋሪ ታክሲ ነጂ ቢሰጠውስ ምን ያደርግ ነበር?

በዚህ መሀል ነው አንዲት ሴት ትከሻዬን የነካችኝ። አውሮፕላኑ ላይ ከእኔ ሁለት ረድፍ ፊት ተቀምጣ አይቻታለሁ። «እህቴ፣ የሚቀበልሽ ሰው የለም እንዴ?» አለችኝ። የመርካቶ ጫማ ነጋዴ ናት፤ ጓንዡን እንደ ሰፈሯ ታውቀዋለች። የሆቴሉን ስም ነገርኳት። ስልኳን አወጣችና ዊቻት የሚባለውን አፕ ከፍታ፣ እዚያ ለሚማር አንድ ኢትዮጵያዊ በድምፅ ላከችለት። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ የሆቴሉ ስምና አድራሻ በቻይንኛ ፊደል ተጽፎ መጣ። የስልኳ መስታወት ከጥግ እስከ ጥግ ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁ በፊደሎቹ መሀል ያልፋል። ወደ እኔ እንዳትልክልኝ ዊቻት የለኝም። ስለዚህ የሷን ስልክ በእኔ ስልክ ፎቶ አነሳሁት።

ሦስተኛው ሹፌር ያንን ፎቶ በሁለት ጣቱ አሰፋው፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበው፣ ራሱን ነቀነቀ። «ሺያዎቤይ» አለ፤ የሆቴሉ ሰፈር ስም ነው። ያ ፎቶ ዛሬም አለኝ። ስልክ በቀየርኩ ቁጥር አብሮኝ ይሻገራል።

የሄድኩት ለካንቶን ፌር ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ የሚካሄድ የንግድ ትርኢት ነው፤ በዓመት ሁለቴ፣ በጸደይና በመኸር፣ በሦስት ዙር ይከፈላል። እኔ የተላክሁት ለሦስተኛው ዙር፣ ቦርሳና ጫማ ለሚታይበት ነው። ስለ ትርኢቱ ስፋት ብዙ ማለት ይቻላል። እኔ ግን ከአምስቱ ቀን ይልቅ የማስታውሰው መንገዱን ነው። ሆቴሉ ውስጥ አንድ ሌላ አፍሪካዊ እንግዳ ራሱ በገዛው መስመር ከውጭ የመጣ ካርታ እንዳወርድ ረዳኝ፤ ካርታውን ስልኬ ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። ወንዙ ዳር ደርሼ ስከፍተው ሰማያዊዋ ነጥብ እኔን ወንዙ ውስጥ አቆመችኝ። ወደ ግራ ሄድኩ፤ ነጥቧም በውኃው ላይ ወደ ግራ ሄደች። ስልኬ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። ነገሩ ሌላ ነው። በቻይና ሕግ መሠረት ለሕዝብ የሚወጡ ካርታዎች አቀማመጥ ሆን ተብሎ በተወሰነ መጠን እንዲዛነፍ ይደረጋል። ያንን መዛነፍ የሚያውቁት የአገሪቱ ካርታ ሠሪዎች ነጥቡን በቦታው ያሳርፉታል። ከውጭ የመጣ ካርታ ግን አንድ መቶ፣ አንዳንዴም ብዙ መቶ ሜትር ይስትና ሰውን ከማዶ መንገድ ያቆመዋል። ይህንን ያስረዳኝ ሰው እስካገኝ ድረስ በየመስቀለኛው መንገድ ስዞር ውዬ እግሬ አብጦ ገባሁ።

ስመለስ አውሮፕላኑ ላይ በማስታወሻ ደብተሬ ጀርባ ላይ ስድስት መስመር ጻፍኩ። የመጀመሪያው፣ «አድራሻ በእነሱ ፊደል» ይላል።

ያ ደብተር ከመሳቢያ የወጣው ከሰባት ዓመት በኋላ ነው። በ2017 ዓ.ም. መስከረም አጋማሽ ላይ አክስቴ ጠሩኝ። እትዬ ነው የምንላቸው፤ ዕድሜያቸው ስልሳን አልፏል። መርካቶ ውስጥ ጨርቅ ሲሸጡ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። እስከዚያ ቀን ድረስ ሌሎች ያስመጡትን ነው በጅምላ ተቀብለው የሚሸጡት። አሁን ግን ቆርጠዋል።

«ጨርቅ በፎቶ አይገዛም ልጄ፤ በጣት ነው የሚገዛው» አሉኝ። «ሄጄ ልዳስሰው። አንቺ ደግሞ አብረሽኝ ሂጂ።»

ትኬት ከተቆረጠ በኋላ ስልካቸውን ተቀበልኳቸው። የወንድማቸው ልጅ ለመንገደኛ ይጠቅማሉ የተባሉ ሃያ አራት አፖች ዝርዝር አዘጋጅቶ ጠብቆኛል። ሆቴል ማወዳደሪያ፣ የአየር ጠባይ፣ የገንዘብ ምንዛሪ፣ ኮምፓስ፣ የጉዞ ማስታወሻ፣ ሌላም ሌላም። በቅንነት ያደረገው ነው። ግማሹን ደግሞ ፈልጎ ያገኘው ቴሌግራም ቻናል ላይ በፋይል መልክ ነበር፤ «ኤፒኬውን ልላክልሽ፣ ዳታ አይበላብሽም» አለኝ። እዚህ ላይ ግን አልተስማማሁም። እትዬ የባንክ ካርዳቸውንና የፓስፖርታቸውን ፎቶ የሚያስገቡበት ስልክ ነው። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ፋይል እንዲጫንበት አልፈቀድኩም፤ ከፕሌይ ስቶር ብቻ አልኩ። ዛሬም አቋሜ ይኸው ነው።

የስልኩ ማከማቻ 64 ጊጋ ነው። የቀረው ክፍት ቦታ ሁለት ጊጋ አይሞላም። የሞላው በመዝሙር ቪዲዮ፣ በሰርግና በክርስትና ፎቶ፣ በየጠዋቱ ከየግሩፑ በሚላክ «እንደምን አደራችሁ» ሥዕል ነው። ሁለት ማታ ሙሉ ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ስናጠራ ቆየን። አንዱን የክርስትና ቪዲዮ ለማጥፋት ጣታቸው እምቢ አለ። ቪዲዮው ላይ የሚያቅፉት የልጅ ልጃቸው አሁን አሜሪካ ነው የምትኖረው። ወደ ፍላሽ ገለበጥንላቸው፣ ፍላሹም ላይ ተከፍቶ መጫወቱን በዓይናቸው አይተው ነው ከስልኩ እንዲጠፋ የፈቀዱት።

ከዚያ ዝርዝሩን አንድ በአንድ አነሳሁላቸው። ለእያንዳንዱ አፕ ሁለት ነገር ጠየቅን፤ ይህ ባይኖረን መንገድ ላይ ምን ይቸግረናል? ደግሞስ እዚያ ያለው ሰው ይጠቀምበታል ወይ? ሁለተኛው ጥያቄ ነው ብዙውን የጣለው። በዓለም ዙሪያ ሚሊዮኖች የሚጠቀሙበት አፕ፣ ጓንዡ ያለች ጨርቅ ሻጭ ስልክ ላይ ከሌለ ለእትዬ ምናቸው ነው? የአየር ጠባዩን ስልኩ ራሱ ይናገራል። ምንዛሪውን በካርቶን ላይ ጽፈን በቦርሳቸው ከተትነው፤ አሥር ዩዋን ይህን ያህል ብር፣ መቶ ዩዋን ይህን ያህል ብር እያልን። ከሃያ አራቱ የተረፉት አራት ናቸው፤ ዊቻት፣ መክፈያው አሊፔይ፣ አማፕ የተባለው የቻይናዎቹ ካርታና የጉግል ትርጉም። ታክሲ የሚጠራው ዲዲ ለብቻው መጫን አላስፈለገውም፤ አሊፔይ ውስጥ ይከፈታል። እኔ በራሴ ስልክ ላይ ፕሌኮ የሚባለውን የቻይንኛ መዝገበ ቃላት ጨመርኩ፤ ያለ ኢንተርኔት ስለሚሠራ ነው የወደድኩት።

አራት አፕ ለማዘጋጀት አሥራ አንድ ቀን ፈጀብን። ማንም ሰው ይህንን አስቀድሞ አይነግራችሁም።

ዊቻት አዲስ ተመዝጋቢ ሲመጣበት፣ አስቀድሞ የቆየ ተጠቃሚ የሆነ ሰው በራሱ ስልክ ኪውአር ኮድ አንስቶ እንዲያረጋግጥለት ብዙ ጊዜ ይጠይቃል። የእኔ የድሮ አካውንት ከተዘጋ ቆይቷል፤ አዲሱ ደግሞ ለማረጋገጥ ገና ነው። ያለው ሰው ስንፈልግ፣ አንዱ «እኔ በዚህ ወር ለሌላ ሰው አረጋግጫለሁ፣ እምቢ ይለኛል» አለን፤ ሌላው ስልኩን ቀይሮ አካውንቱ ጠፍቶበታል። በሦስተኛው ቀን የእትዬ የሱቅ ጎረቤት፣ የመጋረጃ ነጋዴው፣ ምሳቸውን አቋርጠው መጥተው አረጋገጡልን። ይህ ጣጣ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ቢገጥመን ኖሮ ማንን እንይዝ ነበር?

አሊፔይ ደግሞ ስም ላይ ያዘን። ባንኩ የሰጣቸው የውጭ ምንዛሪ ካርድ ላይ የተጻፈው ስማቸውና የአባታቸው ስም ነው፤ ፓስፖርቱ ላይ ግን እስከ አያት አለ። አፑ ስምና የቤተሰብ ስም ለይታችሁ ጻፉ ይላል። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። አንዴ የአባትን ጻፍን፣ ተመለሰ። የአያትን ጻፍን፣ ተመለሰ። በመጨረሻ ፓስፖርቱ ግርጌ ላይ ያለውን የማሽን ንባብ መስመር አጉልተን አየንና፣ እዚያ በተቀመጠበት ቅደም ተከተል ፊደል በፊደል ስንገለብጠው አለፈ። ካርዱን ስናያይዝ ባንኩ ማረጋገጫ ኮድ በኢትዮጵያ ቁጥራቸው ላከ። ያኔ ነው የ2010 ዓ.ም.ዋ ባዩን ትዝ ያለችኝ። ኮዱ እዚያም ሊጠየቅ ይችላልና በማግስቱ ሄደን ሮሚንግ አስከፈትን። ስልኩ ሁለት ሲም ይወስዳል፤ አንዱ የአገር ቤት፣ አንዱ እዚያ የምንገዛው።

ሮሚንጉ ሌላም ጥቅም አለው። በአገር ቤት ሲም ኢንተርኔት የተጠቀመ ሰው መስመሩ የሚያልፈው በአገሩ ቴሌ በኩል ስለሆነ፣ ቻይና የዘጋቻቸው አፖች ብዙውን ጊዜ ይከፈቱለታል። ዋጋው ውድ ነው። ስለዚህ ለትርጉምና ከሱቁ ልጅ ጋር በቴሌግራም ለመገናኘት ብቻ እናውለው ብለን ተስማማን። ቪፒኤን አልጫንኩላቸውም፤ በቻይና ያልተፈቀደ ቪፒኤን መጠቀም ሕጉ የሚከለክለው ስለሆነ፣ ለንግድ የሄዱ እናት እንዲህ ያለ ነገር ስልካቸው ላይ ይዘው እንዲዞሩ አልፈለግሁም።

ገንዘቡን በተመለከተ ነገሩ ከ2010 ዓ.ም. በጣም ተለውጧል። ያኔ ስኳር ድንች ጠብሳ የምትሸጥ ሴት እንኳ ኪውአር ኮዷን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ሳይ፣ እኔ የወረቀት ገንዘብ ሰጥቻት መልስ ፍለጋ ኪሶቿን ሁሉ ስትበረብር አስታውሳለሁ። የውጭ ሰው ካርዱን ለማያያዝ አይችልም ነበር ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. ከ2023 አጋማሽ ጀምሮ ግን አሊፔይም ዊቻትም ቪዛና ማስተርካርድ በሰፊው መቀበል ጀምረዋል፤ በ2024 ደግሞ የአንድ ጊዜ ክፍያ ጣሪያው ከ1,000 ወደ 5,000 ዶላር ከፍ ብሏል። ከ200 ዩዋን በታች ለሆነ ክፍያ ኮሚሽን አይቆረጥም፤ ከዚያ በላይ ሲሆን 3 በመቶ ይጨመራል። ለእትዬ ይህንን ስነግራቸው ወዲያው አሰሉት። «ለምሳና ለታክሲ ይሁን። ለጨርቁ በባንክ ነው» አሉ። ሠላሳ ዓመት የነገደ ሰው ሦስት በመቶ ምን እንደሆነ የሚያስረዳው አያስፈልገውም።

ከመሄዳችን ሦስት ቀን በፊት ልምምድ አደረግን። እትዬ ከቤት ወጥተው ዳቦ ቤቱ ጋ ይቆማሉ፤ እኔ ሳሎን ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። የቆሙበትን ቦታ በዊቻት መላክ አለባቸው። የመጀመሪያው ቀን የላኩት የራሳቸውን ፎቶ ነው። ሁለተኛው ቀን ላኩ፤ ግን ለመጋረጃ ነጋዴው ነበር የደረሰው። ሦስተኛው ቀን በትክክል ደረሰኝ። መነጽራቸውን ሳያደርጉ እንዲችሉት ብዬ የመደመር ምልክቷ የምትገኝበትን ቦታ በጣታቸው እንዲለምዱት አደረግሁ፤ ከታች፣ በስተቀኝ። የሆቴሉን አድራሻ በቻይንኛ ፊደል አስላክን፤ አጉልቼ የስልካቸው መቆለፊያ ገጽ ላይ አደረግሁት፣ ሳይከፍቱት እንዲታይ። አንዱን ኮፒ ደግሞ በላስቲክ አስለብጠን ሰጠናቸው። ከእመቤታችን ሥዕል ጋር በቦርሳቸው የውስጥ ኪስ አኖሩት።

ጓንዡ የገባነው በጥቅምት ነው። ያው በር፣ ያው የሚያጣብቅ ሙቀት። የቻይናውን ሲም አስገባን፣ አማፕን ከፈትኩ። ሰማያዊዋ ነጥብ እኔ የቆምኩበት በር ላይ፣ ከአንድ ሜትር ሳትዛነፍ ቆማ ነበር። ለሌላው መንገደኛ ተራ ነገር ይሆናል፤ እኔ ግን ዓይኔ እንባ ሞላ። ዲዲ ጠራን። ሹፌሩ በቻይንኛ የጻፈው በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ መጣ፤ የታርጋውን የመጨረሻ ቁጥሮች እትዬ ራሳቸው እያነበቡ መኪናውን አገኙት።

የጨርቅ ገበያው ዞንግዳ ይባላል፤ ሃይዡ በተባለው ክፍለ ከተማ ከሱን ያትሰን ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ያለ ሰፈር ነው። ሱቅ በሱቅ ላይ፣ ፎቅ በፎቅ ላይ፣ ሁሉም ጨርቅ። እትዬ እዚያ ሲገቡ ዕድሜያቸው የቀነሰ መሰለኝ። አንዱን የቀሚስ ጨርቅ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሀል ይዘው እያሹ፣ ስልኩን ወደ አፋቸው አስጠግተው በአማርኛ «ይኼ ጨርቅ ይለቃል ወይ?» አሉት። ጉግል ትርጉም ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አማርኛ ያውቃል፤ እዚህ ግን ምን ብሎ እንደተረጎመው ከሻጯ ፊት ገባኝ። ግንባሯን ቋጠረች፤ በስልኳ መልሳ የጻፈችው ሲተረጎም፣ ጨርቁ ወዴት እንደሚሄድ ትጠይቀናለች። «መልቀቅ»ን ከቦታ መልቀቅ አድርጎ ወስዶታል። ለእኛ ጨርቅ ይለቃል ማለት ሲታጠብ ቀለሙ ይወርዳል ማለት ነው፤ መርካቶ ውስጥ ይህንን የማያውቅ ልጅ የለም። ማሽኑ አያውቅም።

እኔ ቃሉን በእንግሊዝኛ ላስተካክል ስልኬን ሳወጣ፣ እትዬ አልጠበቁኝም። ከቦርሳቸው ነጭ መሐረብ አወጡ። ከያዙት የውኃ ጠርሙስ ጫፉን አራሱ። ቀዩን ናሙና አጥብቀው አሹት፣ ደጋግመው፣ ከዚያ መሐረቡን ገልብጠው ለሻጯ አሳዩአት። ቀላ ያለ ነጥብ ወጥቶበታል። ሻጯ ሳቀች፣ ናሙናውን ከእጃቸው ተቀበለችና ከኋላ ካለው መደርደሪያ ሌላ አመጣች። እሱም ታጠበ፣ ታሸ፣ መሐረቡ ነጭ እንደሆነ ቀረ። የወሰዱት ያንን ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለትርጉሙ የምንሰጠው አጭር ዓረፍተ ነገር ብቻ ሆነ፤ ዋጋውና ሜትሩ በካልኩሌተር፣ ቀለሙ በመሐረብ።

ክፍያ አንድ ጊዜ እምቢ ብሎናል። ገበያው ጥግ ላይ ፍራፍሬ የሚሸጡ አዛውንት ኮዳቸው የንግድ ሳይሆን የግል ነበር፤ ከውጭ ካርድ ጋር በተያያዘ አካውንት ወደ ግለሰብ መላክ ደግሞ አይቻልም ነበር። የወረቀት ገንዘብ ይዘን ነበርና ከፈልን። ሁሌም ጥቂት መቶ ዩዋን በወረቀት ከቦርሳ እንዳይጠፋ የምለው ለዚህ ነው።

የተጠፋፋነው በአራተኛው ቀን ነው። እኔ ለካርጎው የኪዩቢክ ሒሳብ ልነጋገር አንድ ፎቅ ወጣሁ፤ እትዬ ከታች ሱቁ በር ላይ ሊጠብቁኝ ነበር። ስመለስ የሉም። ሱቋ ውስጥ የሉም። ደረጃው ሥር የሉም። ዞንግዳ ውስጥ ኮሪደሮቹ ሁሉ ይመሳሰላሉ፤ ግራና ቀኝ ጥቅል ጨርቅ፣ መሀል ላይ ጋሪ የሚገፉ ልጆች። ደወልኩላቸው፤ አይነሳም። ያንን ግርግር ያየ ሰው የስልክ ጥሪ እንደማይሰማበት ይገባዋል። እጆቼ ይንቀጠቀጡ ነበር። እየተጣራች እናቷን የምትፈልግ ሕፃን እንደሆንኩ ያህል «እትዬ! እትዬ!» እያልኩ ሦስት ኮሪደር ሮጥኩ።

ከሃያ ደቂቃ በኋላ ስልኬ ጮኸ። ዊቻት ነው። ጽሑፍ የለውም፣ ድምፅ የለውም፤ አንዲት ትንሽ ካርታና ቀይ ምልክት ብቻ። ነካሁትና ወደ አማፕ ወሰደኝ። ሁለት ሕንፃ አልፎ፣ ምድር ባቡሩ መግቢያ አጠገብ ነበር። ስደርስ አንድ የሻይ መሸጫ ደጃፍ ላይ በላስቲክ ወንበር ተቀምጠዋል። ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘውታል፣ ባትሪው 6 በመቶ ይላል። ጉልበታቸው ላይ በላስቲክ የተለበጠው አድራሻ አለ፤ ሌላው ቢጠፋ እሱን ለታክሲ ሊያሳዩ ማዘጋጀታቸው ነው።

ስሜታቸውን ከፊታቸው ልረዳ አልቻልኩም። አቅፌያቸው አለቀስኩ። እሳቸው ግን ጀርባዬን እየደባበሱ፣

«ምን ያስለቅስሻል? ዳቦ ቤቱ ጋ እንዳልሽኝ ነው ያደረግሁት» አሉኝ። «ከታች፣ በስተቀኝ።»

የሻይ መሸጫዋ ባለቤት ኮዱን አንስተን የምንከራየው ባትሪ መሙያ አሳየችን። ስልካቸው እስኪሞላ ሻይ ጠጣን፤ ሂሳቡ ከ200 ዩዋን በጣም በታች ነበር።

እትዬ ከዚያ ወዲህ አንዴ ደግመው ሄደዋል፤ ብቻቸውን። አፖቹ ያው አራቱ ናቸው፤ ከመሄዳቸው በፊት ግን አንድ በአንድ እየከፈትን አሁንም እንደሚሠሩ አይተናል። አንዱ ታድሶ የይለፍ ቃል ጠይቆን ነበርና ይህንን ቤት ሆነን ማወቃችን ጠቅሞናል።

ወደ ቻይና ልትሄዱ ትኬት የቆረጣችሁ ካላችሁ፣ ዊቻትን ዛሬ ማታ ጫኑት። የሚያረጋግጥላችሁ ሰው ማግኘት ቀናት ሊፈጅ ይችላል። የሆቴላችሁንም አድራሻ በቻይንኛ ፊደል አስልኩና በወረቀት አትሙት።